ሞጆ ላይ የፈላው ላፕቶፕ

ላፕቶፔ የሞተብኝ ሞጆ ላይ ነው። እንዲህ ስል የበቅሎ መርዶ የማረዳ እንደምመስል አውቃለሁ። ሰው ለሰው ማልቀስ በተወበት ዘመን ለዕቃ ማልቀስ ነውር ነው። ቢሆንም በሆዱ ይዞት የነበረውን ነገር ስነግራችሁ ትፈርዱልኛላችሁ።

ጊዜው ያለፈው ዓመት ሚያዝያ ነው። ሞጆ የሄድኩት በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይነዱ የነበሩ ሰዎች ትዝታቸውን ይዘው ሳያልፉ ድምፃቸውን ልቅዳ ብዬ ነበር። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" እያልኩ ስንቱን ተማሪ አሰልችቻለሁ። በስተርጅና የሰበክሁትን ራሴ ልፈጽም አልኩና መቅረጸ ድምፅና ላፕቶፕ ሸክፌ ወረድኩ።

ለምን ሞጆ? ሞጆ የመንገድ ልጅ ናት። አንዱ መንገድ በአዳማ አድርጎ ወደ አዋሽና ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ቀኝ ተገንጥሎ በመቂና በዝዋይ (በዛሬው ባቱ) አቋርጦ ሐዋሳ ይገባል። የድሮው ባቡር በደጇ ያልፍ ነበር፤ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ያልፋል። ደረቅ ወደቡ ከተከፈተ ወዲህማ የአገሪቱ ኮንቴይነር ሁሉ እዚያ ሳያርፍ የሚያልፍ አይመስልም። ስለዚህ ሾፌር ቢበላ እዚያ፣ ቢያድር እዚያ፣ ጡረታ ቢወጣም ቤት የሚሠራው ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

ያረፍኩባት ክፍል መስኮቷን ስከፍት የከባድ መኪና አቧራ ይገባል፤ ስዘጋ አየር ይጠፋል። ዘጋሁ። አልጋው ላይ ወጣሁና ላፕቶፑን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጬ የቀኑን ቅጂ እያዳመጥኩ መጻፍ ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እንደ ደከመ በሬ ሲያለከልክ ነበር፤ እኔ ግን ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ አለፍኩት። ሲመሽ ባሰበት። እኔም ባሰብኝ፤ እንዳይበርደው የፈራሁ ይመስል ጋቢዬን አጠገቡ ጎዘጎዝኩለት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ አቃስቶ ጸጥ አለ። ሆዱን በእጄ ብነካው ከምድጃ እንደወጣ ድንጋይ ፈጀኝ።

ጥፋቴን ልናዘዝ። መቅረጸ ድምፁ ስለሞላብኝ የቀኑን ቅጂ ወደ ላፕቶፑ ካዛወርኩ በኋላ ከመቅረጸ ድምፁ ላይ አጥፍቼው ነበር። ያ ሁሉ ወሬ በዓለም ላይ የነበረው በአንዲት በጋለች ሣጥን ውስጥ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ወጣት ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ሱቁ ከጎሚስታ ጋር ግድግዳ ይጋራል። አብረውኝ የመጡት ካነጋገርኳቸው ሾፌሮች አንዱ፣ ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ናቸው፤ ስማቸውን አትጻፍ ስላሉኝ "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ። ወጣቱ ብሎኖቹን ፈትቶ የላፕቶፑን ሆድ ሲከፍት ሳቁ አመለጠው።

"ፋዘር፣ ይሄ ላፕቶፕ ነው ፍራሽ?"

እውነቱን ነው። ከማራገቢያዋ ፊት ለፊት ባለው የአየር መውጫ ላይ አቧራና የጋቢ ጥጥ ተደባልቆ እንደ ስፌት ተሰፍቷል። ወጣቱ ጥጡን በወረንጦ ሲያነሳው ከሥሩ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩ ስስ የብረት ቅጠሎችና ከእነሱ ጋር የተያያዘ ጠፍጣፋ የመዳብ ቧንቧ ታዩ። ጋሼ መነጽራቸውን አወጡ፤ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ቀና አሉ።

"ይሄማ ራዲያተር ነው!" አሉ። "ሰው መሆን አያስፈልግህም፣ ሾፌር መሆን በቂ ነው። ራዲያተሩ ተደፍኖ እየነዳህ ነው የፈላብህ።"

ሃያ ዓመት ላፕቶፕ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስጽፍ ማንም እንዲህ ባጭሩ አላስረዳኝም።

*

ሞጆ ማሽንን የማቀዝቀዝ ታሪክ በደጇ ያለፈባት ከተማ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መጀመሪያ የመጣው ባቡሩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም.። የዚያ ዘመን ባቡር በእንፋሎት የሚሄድ ነው፤ እንፋሎት ደግሞ ውሃ ይጠጣል። የእንፋሎት ባቡር ጣቢያ የሚተከለው መንገደኛ ስላለ ብቻ አይደለም፤ ባቡሩም ስለሚጠማ ነው። ለዚህ ነው የእንፋሎት ዘመን ጣቢያ ያለ ውሃ ታንከር የማይታሰበው።

ውሃው የሚያስፈልገው እንፋሎት ለመሆን ብቻ አልነበረም። የእሳት ሣጥኑን ጣሪያ ከመቅለጥ የሚያድነውም ከላዩ የተኛው ውሃ ነው። ውሃው ጎድሎ ብረቱ ራቁቱን ከቀረ ብረቱ ይግላል፤ ይለሰልሳል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፍንዳታ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች ከጣሪያው ላይ በእርሳስ የተሞላ ቡሽ መሰል ነገር ይሰኩ ነበር። ውሃው ሲጎድል ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀልጠው እርሳሱ ነው፤ በቀዳዳው የሚወርደው እንፋሎትና ውሃ ነጂውን ያስጠነቅቃል፤ እሳቱንም ያዳክማል። አንዲት ጉርሻ የምታህል እርሳስ ራሷን ሠውታ ባቡሩን ታድናለች ማለት ነው። የኔ ላፕቶፕ ያን ምሽት "አቃስቶ ጸጥ" ሲል ያደረገው ይህንኑ ነው። የዛሬ ፕሮሰሰር ሙቀቱን የሚለካ ጠባቂ በውስጡ አለው። ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ "ዛሬ ምነው ተንቀራፈፈብኝ" የምንለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ካልተደመጠ ራሱን ያጠፋል። እኔ ሞተብኝ ያልኩት ራሱን ለማዳን ነበር።

ከባቡሩ በኋላ ከባድ መኪናው መጣ። ጋሼ የነዱት በእኛ አገር ሾፌር አፍ "ኤን ትሬ" የሚባለውን ፊያት ነው፤ ከነተሳቢው። ከአዲስ አበባ አሰብ ወደ 880 ኪሎ ሜትር ነው። ከሚሌ ወዲያ ሰርዶ፣ ዲቺኦቶ፣ ማንዳ፣ ቡሬ እያለ የሚወርደው መንገድ በምድር ላይ እጅግ ሞቃት ከሚባሉት አካባቢዎች ጎን ያልፋል። እስከ 1990 ዓ.ም. የድንበር ጦርነት ድረስ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በዚያ መንገድ ሲመላለስ ኖሯል። ያን ዘመን ሾፌርነት ግማሹ መሪ መያዝ፣ ግማሹ የሙቀት መለኪያዋን መርፌ ማየት ነበር።

"መርፌዋ ስትወጣ ምን ታደርጋለህ?" ብለው ጠየቁኝ ጋሼ፣ እንደ ፈታኝ።

"ሞተር አጠፋለሁ" አልኩ።

"ወደቅህ! ድንገት ካጠፋህ ውሃው መዞሩን ያቆማል፤ ሙቀቱ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይቀራል። ጭነቱን አቅልለህ፣ ዳር ይዘህ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ታስተነፍሰዋለህ። ውሃው አልቆ ከሆነ ግን ወዲያው አጥፋ። ክዳኑን ትከፍታለህ?"

"እከፍታለሁ..."

"ፊትህን ይልጥሃል! ቀዝቃዛ ውሃስ ታፈስበታለህ?"

ዝም አልኩ።

"ጎበዝ፤ አሁን ገባህ። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰስክ ቴስታታው ይሰነጠቃል። የጋለ ነገር በትዕግሥት ነው የሚቀዘቅዘው።"

ይህን የምጽፈው ላፕቶፓቸው ሲግልባቸው ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚከቱ ሰዎች ስላሉ ነው። አታድርጉት። ከፍሪጅ ሲወጣ የአየሩ እርጥበት በውስጡ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ኤሌክትሪክና ጤዛ ደግሞ ጎረቤት መሆን አይችሉም።

*

የሆነ ሆኖ ይህች ትንሽ ሣጥን ለምንድን ነው እንዲህ የምትግለው? አንድ ስሌት ላሳያችሁ፤ ቁጥር ለሚፈራ አንባቢ ብዬ በእንጀራ ምጣድ አደርገዋለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይፈጃል። ሙቀቱ ግን በዚያ ሰፊ ሸክላ ላይ ስለሚበተን ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ከአንድ ዋት ትንሽ የሚበልጥ ነው። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት 30 ዋት ሊፈጅ ይችላል፤ ስፋቱ ግን ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ለየካሬ ሴንቲ ሜትሩ ስታካፍሉት ከምጣዱ አሥር እጥፍ በላይ ይሆናል። ጭናችን ላይ የምናስቀምጠው ከምጣድ የባሰ ምጣድ ነው፤ ያልጋገረን ትንሽ በመሆኑ ብቻ ነው።

ችግሩ የጀመረው ከኮምፒዩተር ጋር አብሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የታየው ኢኒያክ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ የመስታወት አምፖል መሰል ቱቦዎች ነበሩት፤ 150 ሺህ ዋት ይበላ ነበር፤ ከ40 በላይ ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ መጣድ ነው። ትራንዚስተር ሲመጣ ግልግል ሆነ፤ ዕቃው ትንሽ፣ ሙቀቱም ትንሽ። ግን ትንሽ ሲሆን ብዙ መደርደር ይቻላል፤ ብዙ ሲደረደር ደግሞ ሙቀቱ ይመለሳል። ጎርደን ሙር እ.ኤ.አ. በ1965 በጻፈው ዝነኛ መጣጥፍ የትራንዚስተሮች ቁጥር በየጊዜው እየተባዛ እንደሚሄድ ሲተነብይ፣ ሙቀቱስ እንዴት ይወጣል የሚለውን ጥያቄ ያኔውኑ አንስቶት ነበር። ጥያቄው ቀኑን ጠብቆ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢንቴል ፔንቲየም 4ን ይተካል የተባለውን አዲስ ፕሮሰሰር ሠርቶ ሳይጨርስ ተወው። ፍጥነትን በመጨመር ብቻ መራመድ በሙቀት ግድግዳ ተገታ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ፈጣን አንጎል ፋንታ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት ረጋ ያሉ አንጎሎች መደርደር ፈሊጥ ሆነ። የዛሬው ላፕቶፕ ባለ ብዙ አንጎል የሆነው ጥበብ በዝቶ ብቻ አይደለም፤ አንዱ እንዳይነድ ተብሎም ነው።

ያቺ የመዳብ ቧንቧስ? እሷ ለጠፈር መንኮራኩር ተብሎ የዳበረች ናት። እ.ኤ.አ. በ1963 ጆርጅ ግሮቨር የተባለ ፊዚሲስት ሎስ አላሞስ በሚገኘው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ሠራት። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሯ አይጠፋውም። በቧንቧዋ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ውሃ አለ። በፕሮሰሰሩ በኩል ያለው ጫፍ ሲግል ውሃው ይተናል፤ እንፋሎቱ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሮጣል፤ እዚያ ማራገቢያዋ ስትነፋበት ሙቀቱን አራግፎ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ልዩነቱ፣ አረቄው ወደ ጠርሙስ ሲንጠባጠብ ይህኛው በቧንቧው ግድግዳ ላይ ባለ ክር መሰል ነገር ተስቦ ወደ መጣበት ይመለሳል። ቀንና ሌሊት የማይጠፋ፣ ማንም የማይቀምሰው አረቄ።

ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ መሄዱን ለማወቅ ግን ሎስ አላሞስ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። የሴት አያቶቻችን እንስራ ላቡን እያላበ ውሃውን ያቀዘቅዝ የነበረው በዚሁ ሕግ ነው። ወታደርም ኮዳውን የሚያለብሰውን ጨርቅ በውሃ ነክሮ በነፋስ ላይ ያንጠለጥለዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ለደገኞች። "እኛ ብርድ አገር ነን፣ ማሽን አይሞቅብንም" ስንል ግማሹን ብቻ ነው የምናውቀው። ሞጆ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1 ሺህ 800 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ከአሰቡ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ይብስ ይሳሳል። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል፤ ማራገቢያዋ ያንኑ ያህል ብትዞርም የምታወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ውሃም ሞጆ ላይ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ብዙዎቹ አምራቾች ላፕቶፓቸው እስከ 35 ዲግሪ ድረስ ባለው ክፍል ውስጥ እንዲሠራ ነው የሚመክሩት። በስምጥ ሸለቆ የሚያዝያ ቀትር፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መስኮት ተዘግቶ... የቀረውን ገምቱት።

*

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ላፕቶፔን የገደለው የሞጆ ፀሐይ ነው ብዬ ብሸሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አይደለም። የገደለው አስተዳደጌ ነው።

የእናቴ ቤት ቴሌቪዥን ዳንቴል ይለብስ ነበር። ራዲዮኑ ዳንቴል ይለብስ ነበር። ፍሪጅ የገዛ ጎረቤት ቢኖር ፍሪጁም ዳንቴል ለብሶ፣ በላዩ ላይ ፕላስቲክ አበባ ይዞ ይቀመጣል። ሪሞት ኮንትሮሉ በላስቲክ ይጠቀለላል፤ የሶፋው ላስቲክ እንግዳ ሲመጣም አይነሳም። ዕቃ የሚከበረው በመሸፈን ነው ብለን አደግን። ክብር ማለት ልብስ ነው። ራቁቱን የተቀመጠ ዕቃ ባለቤቱ የማያከብረው፣ ከሜዳ የተገኘ ይመስለናል።

ይህ እንዲሁ የመጣ አይመስለኝም። ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ነገሩን ወደ መጻሕፍት ብወስደው አትፍረዱብኝ። ጥንት መጽሐፋችን ብራና ነበር፤ የፍየልና የበግ ቆዳ። ቆዳው ተፍቆ፣ ተዳምጦ፣ ተጽፎበት ሲያበቃ በእንጨት ገበታ ይደጎሳል፤ ከዚያ ማኅደር ይሰፋለታል። ማኅደር በመጽሐፉ ልክ የተሰፋ የቆዳ ከረጢት ነው፤ ከነማንገቻው በግድግዳ ችካል ላይ ይንጠለጠላል። የመጽሐፉ ጠላቶች ዝናብ፣ ጢስ፣ አይጥና የእጅ እድፍ ነበሩ። ለእነዚህ ሁሉ መድኃኒቱ መሸፈን ነው። ብዙ መቶ ዓመታት ያለፏቸውን ብራናዎች ለዛሬ ካደረሷቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ልማድ ነው። አባቶቻችን ልክ ነበሩ።

እኛ ግን ያንን ጥበብ ጠላቱ ለተለወጠ ዕቃ አዋልነው። ብራና አይተነፍስም፤ ላፕቶፕ ይተነፍሳል። ብራና ሲሸፈን ይኖራል፤ ላፕቶፕ በሥራ ላይ ሳለ ሲሸፈን ይሞታል። እኔም በዚያ ምሽት ጋቢዬን አጠገቡ ስጎዘጉዝ ሳላውቀው ማኅደር እየሰፋሁለት ነበር። ያውም በቆዳ ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው በሞጆ!

ከመሸፈን ይልቅ መክፈት እንደሚሻል ፈረንጆቹም ቢሆኑ ቶሎ አልገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸውም ዋጋው ከብዷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ግሪድ ኮምፓስ ከመጀመሪያዎቹ ተጣጣፊ ኮምፒዩተሮች አንዱ ነው፤ ሰውነቱ ከማግኒዚየም የተሠራ ስለነበር ሙቀቱን በቆዳው ነበር የሚያወጣው። በኋላ ነገር ሁሉ ሲቀጥን ማራገቢያዋ ጠበበች፤ ቀዳዳዎቹም ብዙውን ጊዜ ከሥር ሆኑ፤ ማለትም ልክ ብርድ ልብስ በሚነካቸው በኩል። ባትሪውም የሙቀት ጠላት ነው። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ዴል 4.1 ሚሊዮን የላፕቶፕ ባትሪዎችን መልሱልኝ ያለው እየጋሉ እሳት የሚፈጥሩ ስለተገኙ ነበር።

ለእኛ ዓይነቱ አገር ታስቦ የተሠራ ላፕቶፕም ነበር። "ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ" በሚል ዓላማ የተሠራችው አረንጓዴና ነጭ ኤክስ ኦ ማራገቢያ አልነበራትም፤ ማራገቢያ ከሌለ አቧራ የሚስብ የለም፤ ጥቂት ዋት ብቻ ስለምትፈጅም ሙቀቷ ትንሽ ነው። ጥቂት ሺዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችም ገብተው ነበር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ድርጅት ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች ለሚኖሩ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች አደለ። አንዱ መንደር ብርዳማው የወንጪ ሐይቅ አፋፍ ላይ፣ ሌላው ከአዳማ ብዙም በማይርቀው በወለንጪቲ በኩል፣ በስምጥ ሸለቆ ነበር። መምህር አልተመደበላቸውም፤ ልጆቹ ግን በራሳቸው ከፍተው መጠቀም ጀመሩ፤ የተዘጋውን ካሜራ ሳይቀር ከፈቱት ተብሎ ብዙ ተወራ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የእነዚያ ልጆች ታብሌት ማራገቢያ የለውም፤ ዳንቴልም የለውም። ዕቃ በመሸፈን ይከበራል ብሎ ያስተማራቸው ሰው ሳይኖር ነው የተቀበሉት።

*

ወጣቱ ጠጋኝ ጥጡን ካነሳ በኋላ የጎሚስታውን ኮምፕሬሰር ቱቦ ሲጎትት ልቤ ስንጥቅ አለ። እሱ ግን ያውቅበታል። መጀመሪያ ወደ ውጭ ነፋው፤ ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ካለ እንዲወጣ። ቀጥሎ የማራገቢያዋን ክንፍ በጥርስ መጎርጎሪያ አቁሞ ያዛት፤ አየሩ ያለ ልክ ካሽከረከራት ትሰበራለችና። ከዚያ ከሩቅ ሆኖ ፉት ፉት አደረጋት። በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል የደረቀውን ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀባ። ያ ቅባት በሁለቱ መካከል የሚቀረውን የአየር ክፍተት የሚሞላ ነው፤ ሲደርቅ ሙቀቱ መሻገሪያ ድልድይ ያጣል።

"ፋዘር፣ ከእንግዲህ አልጋ ላይ የለም" አለኝ። "ጠረጴዛ ላይ። ጠረጴዛ ከሌለ ትሪ ላይ። ከኋላው በኩል ሁለት የውሃ ጠርሙስ ክዳን አስገባለት፤ ከሥር አየር ይግባ። ቦርሳ ውስጥ ስትከት ጨርሶ አጥፋው። በዓመት አንዴ አስጠርገው።"

ለዚህ ሁሉ ምክር ያስከፈለኝ ከአንድ ምሳ ያነሰ ነው።

ላፕቶፑ ተነሳ። ጋሼ አጨበጨቡ። ዲስኩ ላይ የነበረው ሁሉ ማለት ይቻላል በሰላም አለ። "ማለት ይቻላል" ያልኩት ስለ አንድ ፋይል ነው። በዚያ ምሽት ከፍቼ እየቆራረጥኩት የነበረው ቅጂ መብራቱ ድንገት ሲጠፋ ተበላሽቶ ቀረ። የጋሼ የሁለተኛ ቀን ቅጂ ነበር።

በዚያ ቅጂ ላይ የነገሩኝ እንዲህ ነው። አንድ ጊዜ ከሰርዶ ወዲያ መኪናው ፈላ። ራዲያተሩ ይፈሳል፤ የያዙት የመጠባበቂያ ውሃ አለቀ፤ የቀረው የሚጠጡት ብቻ ነው። ያንንም ለሞተሩ ሰጡት። አልበቃውም። ያን ጊዜ ረዳታቸው፣ ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ልጅ፣ ጀሪካን ተሸክሞ ውሃ ፍለጋ በእግሩ ሄደ። ሲመለስ መሽቷል። ጉሮሮው ደርቆ መናገር አቅቶታል፤ ከጀሪካኑ ግን አልጠጣም፤ ለሞተሩ እንዳይጎድል ብሎ። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ የልጁን ስም ከነአባቱ፣ የትውልድ መንደሩንም ጭምር ጠርተውልኛል። በኋላ የት እንደደረሰም ነግረውኛል።

በማግስቱ ደግመው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ደስ አላላቸውም፤ ቢሆንም ነገሩኝ። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ ተረት ሁለት ጊዜ ሲነገር አንድ አይሆንም። ሁለተኛው አጠር ያለ፣ የተስተካከለ፣ ቀልድም የተጨመረበት ነበር። ልጁ ግን "አንድ ረዳት ነበረን" ሆኖ አለፈ። ስሙን ስጠይቃቸው "ትናንት ነገርኩህ እኮ፣ መምህር" አሉና ወደ ሌላ ወሬ ሄዱ። እኔም ሌላ ቀን እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ተውኩት። በጥቅምት አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

ሮልፍ ላንዳወር የተባለ የአይ.ቢ.ኤም. ፊዚሲስት እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳየው አንድ ነገር አለ። ኮምፒዩተር መረጃ ሲያጠፋ፣ ከማጥፋቱ የተነሳ ብቻ፣ የግድ ጥቂት ሙቀት ይወጣዋል። መጠኗ እጅግ ኢምንት ናት፤ ግን ዜሮ ልትሆን አትችልም። ከፊዚክስ ርቄ ስለኖርኩ ይህን ሳነብ ብዙ አሰብኩ። መርሳት በነፃ አይደለም ማለት ነው፤ ዋጋው በሙቀት ይከፈላል።

ሙቀት ራሱ ግን አይጠፋም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ። ማቀዝቀዝ የምንለው ነገር ሁሉ የእኛን ሙቀት ሌላ ተሸካሚ እንዲወስድልን ማድረግ ነው። የባቡሩን ሙቀት ውሃው ወሰደለት፤ ውሃውን ደግሞ የሚቀዳ ሰው ነበረ። የላፕቶፑን ሙቀት አየሩ ይወስድለታል። የኤን ትሬውን ሙቀት የወሰደው ጀሪካን ተሸክሞ በእግሩ የሄደው ልጅ ነው። በዚያ መንገድ ስንዴ መጣልን፣ ነዳጅ መጣልን፣ መጽሐፍና ወረቀትም መጣልን። የመጀመሪያውን ላፕቶፔን ከውጭ ያመጣው መኪና የየትኛው ረዳት ውሃ እንዳበረደው የሚያውቅ የለም።

አሁን የጋሼ የቀሩት ቅጂዎች በሦስት ቦታ ተቀምጠዋል፤ አንዱ በወረቀት ታትሞ ነው። ላፕቶፔ ከብርድ ልብስ ወርዶ ትሪ ላይ፣ በሁለት የውሃ ክዳን ቆሟል። ማራገቢያዋ በተነሳች ቁጥር አንዲት ቃል ለማስታወስ እሞክራለሁ። በሁለት ፊደል እንደምትጀምር፣ በ"በ" ወይም በ"ለ"፣ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ አልሄድም።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መሐል በአሰብ መስመር በረዳትነት የሠራ፣ ወይም የሠራ አባት ያለው ሰው ይኖር ይሆናል። አባትህን ዛሬ ጠይቀው። ስም ሲጠራልህ ወዲያው ጻፈው። ሁለት ቦታ ጻፈው።